ከጽሑፍ መረጃ ማውጣት

ከጽሑፍ መረጃ ማውጣት ማለት ሰዎች ለሰዎች የጻፉትን ተራ ጽሑፍ ኮምፒውተር እንዲያነብ፣ በውስጡ የተነገሩትን ሐቆች እንዲለይና በኋላ ሲጠየቅ ሊያገኛቸው በሚችል መልክ እንዲያስቀምጥ የማድረግ ሥራ ነው። ኮምፒውተር የሰውን ቋንቋ እንዲያስተናግድ ከሚያደርጉት የኮምፒውተር ሳይንስ ዘርፎች አንዱ ሲሆን፣ ዋና ምንጩ በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው ጽሑፍ ነው። የፍለጋ ሞተር ለተጠየቀው ጥያቄ የድረ ገጽ ዝርዝር ከማቅረብ አልፎ መልሱን ራሱን ሲሰጥ፣ ከጀርባው በአብዛኛው ይህ ሥራ አለ።

ይህ ጽሑፍ ዘርፉን በጠቅላላው ካስተዋወቀ በኋላ አማርኛ ላይ ያተኩራል። በምሳሌነት በተደጋጋሚ የሚነሡት በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የምትገኘው አጣዬ ከተማና በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ናቸው። ስለ ኒው ዮርክ ወይም ስለ አዲስ አበባ በደንብ የሚሠራ ስልት ጥቂት ብቻ ወደተጻፈባት መካከለኛ ከተማ ሲመጣ ድክመቱ ጎልቶ ይታያል። «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት የሌላቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ ይህን ለይቶ ማወቅ ለአንባቢም ለማሽንም ለምን እንደሚያስፈልግ ከታች ይታያል።

ሐቅ ለኮምፒውተር ምን ይመስላል?

«የኤፍራታና ግድም ወረዳ መቀመጫ አጣዬ ናት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። ለኮምፒውተር ግን ዓረፍተ ነገሩ የፊደላት ሰልፍ ነው። መረጃ የሚያወጣው ፕሮግራም ሰልፉን ወደ ሦስት ክፍል ይለውጠዋል፤ አንደኛው ባለቤት (አጣዬ)፣ ሁለተኛው ግንኙነት (መቀመጫ መሆን)፣ ሦስተኛው ተዛማጅ (ኤፍራታና ግድም ወረዳ)። እንዲህ ያሉ ሦስትዮሾች በሚሊዮን ሲጠራቀሙ የዕውቀት ቋት ይባላሉ።

እዚያ ለመድረስ ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የትኞቹ ቃላት ስም እንደሆኑ ይለያል። ቀጥሎ ስሙ የየትኛው ነገር ስም እንደሆነ ይወስናል፤ ብዙ ነገሮች አንድ ስም ሊጋሩ፣ አንድ ነገርም ብዙ ስም ሊኖረው ይችላልና። በመጨረሻ በሁለቱ ነገሮች መካከል ያለውን ግንኙነት ይለያል። አስቸጋሪው ክፍል ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። አጣዬ የከተማም የወንዝም ስም ነው። ከደቡብ በኩል ያለችው ሸዋ ሮቢት «ሸዋ» የሚለውን ቃል ከፊት ካልያዘች፣ በሰሜን ወሎ ቆቦ አካባቢ ካለችው ሮቢት ጋር ትምታታለች። ካራቆሬ ከአጣዬ በስተሰሜን በደሴ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ካራቆሬ የሚባል ሰፈር ደግሞ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ አለ።

ከሁሉም የሚከፋው የአጣዬ ሌላ ስም ነው። ከተማዋ ኤፌሶን ተብላም ትጠራለች፤ በቆዩ ሰነዶችና በካርታዎች ላይ በዚህ ስም ትገኛለች። ይህ ስም ግን በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በትንሹ እስያ፣ በዛሬዋ ቱርክ የነበረችው ጥንታዊት ከተማ ስም ነው። በአማርኛ በዲጂታል መልክ ከሚገኘው ጽሑፍ ትልቅ ድርሻ ያለው ሃይማኖታዊ ጽሑፍ ስለሆነ፣ «ኤፌሶን» የሚለውን ቃል ሺህ ጊዜ ያነበበ ኮምፒውተር በአብዛኛው ያነበበው ስለ ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። «ከኤፌሶን ወደ ካራቆሬ» የሚል የድሮ የመንገድ ሰነድ ቢሰጠው መንገደኛውን ከቱርክ ቢያስነሣው አያስገርምም።

አመጣጡ

መጀመሪያ የተሞከረው ኮምፒውተሩን በእጅ ማስተማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ዳግላስ ሌናት በአሜሪካ የጀመረው «ሳይክ» የተባለ ፕሮጀክት ባለሙያዎች የዓለምን የተለመደ ዕውቀት አንድ በአንድ እንዲያስገቡ አድርጓል። ሥራው ለዐሥርት ዓመታት ቢቀጥልም የሰው ጉልበት ከዓለም ስፋት ጋር እንደማይመጣጠን ታየ። በዚያው ዘመን፣ ከ1987 እስከ 1997 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተካሄዱት የመልእክት መረዳት ጉባኤዎች ተመራማሪዎችን በዜናና በወታደራዊ ዘገባ ላይ አወዳደሩ፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን አደረገ የሚለውን ቅጽ የሚሞላ ፕሮግራም መሥራት ነበር ውድድሩ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ማርቲ ኸርስት ቀላል ግን ፍሬያማ ሐሳብ አቀረበች። ሰዎች ሲጽፉ ሳያስቡት የሚደጋግሟቸው የአነጋገር ቅርጾች ሐቅን ተሸክመው ይመጣሉ። በአማርኛ ብናየው «እንደ ጤፍ፣ ማሽላና ማሾ ያሉ ሰብሎች» የሚለውን ሐረግ ያነበበ ሰው ማሾ ምን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ ሰብል መሆኑን ይረዳል። «እንደ ... ያሉ ...» የሚለውን ቅርጽ የያዘ ኮምፒውተርም እንዲሁ ሊረዳ ይችላል፤ ትርጉም ሳይገባው ይለቅማል።

ሰርጌ ብሪን፣ ጉግልን ባቋቋመበት በ1998 እ.ኤ.አ.፣ ሐሳቡን አንድ እርምጃ ወሰደው። አምስት መጻሕፍትን ከነደራሲዎቻቸው ለፕሮግራሙ ሰጠ። ፕሮግራሙ እነዚያ አምስት ጥንዶች በድር ላይ በምን ዓይነት አጻጻፍ እንደሚገኙ ተመለከተ፤ አጻጻፉን ይዞ ሌሎች ጥንዶችን ፈለገ፤ ባገኛቸው ጥንዶች ደግሞ ሌላ አጻጻፍ አገኘ። ሂደቱ ሲያበቃ ከአምስቱ ዘሮች ከ15,000 በላይ መጻሕፍት ተለቅመው ነበር። ኮምፒውተር ከጥቂት ዘር ተነሥቶ በራሱ አንብቦ እንዲያድግ የማድረግ ሐሳብ ከዚህ በኋላ የዘርፉ ዋና መንገድ ሆነ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኦረን ኤትዚዮኒና ባልደረቦቹ የሠሯቸው ፕሮግራሞች ምን ዓይነት ግንኙነት እንደሚፈለግ አስቀድሞ ሳይነገራቸው ከድር ሐቅ እስከ መልቀም ደርሰዋል።

የማያቋርጠው ተማሪ

በዚህ መንገድ ከተሠሩት ሁሉ ታዋቂው በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ቶም ሚቸል የመራው «ኔል» ነው፤ ስሙ «የማያቋርጥ የቋንቋ ተማሪ» ለሚለው የእንግሊዝኛ መጠሪያ ምሕጻረ ቃል ነው። ከጥር 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀንና ሌሊት ድረ ገጽ ያነብ ነበር። ለእያንዳንዱ የነገር ዓይነት፣ ለከተማ፣ ለአትሌት፣ ለበሽታ፣ ለኩባንያ፣ ጥቂት ምሳሌዎች ተሰጥተውት የቀረውን በራሱ እንዲሞላ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ እሱ ሲዘግብ ወደ 390,000 ሐቆች አከማችቶ ነበር፤ ትክክለኛነቱም 87 ከመቶ ያህል እንደሆነ ተገምቶ ነበር።

የቀረው 13 ከመቶ ነው ብዙ የሚያስተምረው። በእንግሊዝኛ ለብስኩት የሚያገለግለው ቃል ድረ ገጾች በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ለሚያስቀምጡት ትንሽ የመረጃ ፋይልም ያገለግላል። ኔል ይህን ፋይል ከዳቦና ከኬክ ጋር መደበው። ስሕተቱ ግን በአንድ ቃል አላበቃም። ሰዎች «እነዚህን አጠፋሁ» እያሉ የሚጽፉት ስለ ሌሎች የኮምፒውተር ፋይሎችም ስለሆነ፣ ፋይሎቹ ሁሉ ተራ በተራ ከምድጃ የወጡ ምግቦች ሆኑ። ተመራማሪዎች ይህን የትርጉም መንሸራተት ይሉታል፤ ከአንድ የተሳሳተ ዘር የበቀለ አረም እርሻውን ሁሉ ይይዘዋል። መፍትሔው ሰው በየጊዜው ገብቶ ጥቂት እንዲያርም ማድረግና ፕሮግራሙ አንዱን ሐቅ በሌላው እንዲያጣራ ማድረግ ነበር፤ ለምሳሌ አንድ ነገር ምግብም የኮምፒውተር ፋይልም ሊሆን አይችልም።

አማርኛም የራሱ ብስኩት አለው። ማሾ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ዙሪያ በሰፊው የሚዘራ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ጥራጥሬ ነው። ማሾ መብራት በሌለበት ቤት በነጭ ጋዝ የሚበራ ፋኖስም ነው። «ማሾ ዘራ» እና «ማሾ ለኮሰ» ለአንባቢ ፈጽሞ አይምታቱም። «የማሾ ዋጋ ጨመረ» በሚለው ላይ የተመሠረተ ፕሮግራም ግን ቀጥሎ «የኩራዝ ዋጋ ጨመረ» የሚል ቢያገኝ ኩራዝን ከሽምብራ ጎን ሊያሰልፈው ይችላል።

አማርኛን ማንበብ

በእንግሊዝኛ የተሠራውን ፕሮግራም ወደ አማርኛ ማዛወር ፊደል የመቀየር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቅድሚያ ጽሑፉ ራሱ ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል መልክ መኖር ነበረበት። የግዕዝ ፊደል ወደ ዓለም አቀፉ የፊደላት ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የጽሕፈት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የቁጥር አሰጣጥ ይከተሉ ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ብዙ የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ ዛሬም በድር ላይ ያለው በፎቶግራፍ መልክ ነው፤ ሰው ያነበዋል፣ ኮምፒውተሩ ግን የሚያየው ሥዕል ነው።

ጽሑፉ ሲገኝ ደግሞ የአጻጻፍ ልዩነት ይመጣል። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ስላሉን «ፀሐይ» የሚለው ቃል በ«ጸ» ወይም በ«ፀ» ሊጀምር፣ ሁለተኛው ፊደል ደግሞ ከ«ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብቻ 12 አጻጻፍ ይሰጣል። ካልተነገረው በቀር ለኮምፒውተሩ እነዚህ 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። የአጣዬ ስምም «አጣየ» ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። አብዛኞቹ የአማርኛ ፕሮግራሞች ማንበብ ከመጀመራቸው በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ይሰበስባሉ። ይህ ጠቃሚ ቢሆንም ያለ ኪሳራ አይደለም፤ «ሠረቀ» (ወጣ፣ ታየ) እና «ሰረቀ» ከዚያ በኋላ አይለዩም።

ስሙ ብቻውን አይቆምም። «በአጣዬ»፣ «ከአጣዬም»፣ «የአጣዬን»፣ «ካጣዬ»፣ «ባጣዬና» ሁሉም አንድ ከተማ ናቸው። ግሱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ «አልሰጠኋቸውም» በአንድ ቃል ውስጥ ሰጪውን፣ ተቀባዮቹን፣ ድርጊቱንና አለመፈጸሙን ይዟል። በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት እንዲህ ወደ ክፍሎቻቸው የሚፈታ ሲሆን፣ ለብዙ ቀጣይ ጥናት መሠረት ሆኗል።

የእንግሊዝኛ ፕሮግራሞች የሰውና የቦታ ስምን ለመለየት በትልቅ ፊደል ይታገዛሉ። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። በዚያ ላይ የአማርኛ የሰው ስም አብዛኛው ትርጉም ያለው ቃል ነው፤ ከበደ፣ አበበ፣ ደረጀ ግሶች ናቸው። «ኑሮ ከበደ» የሚል ርዕስ ያገኘ ፕሮግራም ኑሮ የተባለ ሰው፣ የአባቱ ስም ከበደ የሆነ፣ አገኘሁ ብሎ ሊመዘግብ ይችላል። «ሰላም ወደ አጣዬ ተመለሰ» እና «ሰላም ወደ አጣዬ ተመለሰች» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት በመጨረሻው ቃል ጫፍ ላይ ያለ አንድ ፊደል ነው። የመጀመሪያው ስለ ከተማዋ ጸጥታ ይናገራል፤ ሁለተኛው ምናልባት ስለ አንዲት ልጅ ነው።

ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ሌላ ወጥመድ ነው። «ከተማዋ ሙሉ በሙሉ ተቃጥላለች መባሉ ሐሰት ነው ሲሉ ነዋሪው ተናገሩ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። ከመጀመሪያዎቹ አራት ቃላት ሐቅ የለቀመ ፕሮግራም ተናጋሪው ካሉት ተቃራኒውን ይዞ ይሄዳል። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ነገሩን ያረጋገጠ ወይስ ያስተባበለ እንደሆነ፣ «ተብሏል» ወይስ «ታውቋል» እንደተባለ የሚታወቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ብቻ ነው። በግጭት ጊዜ የሚጻፍ ዜና በእንዲህ ያለ አነጋገር የተሞላ ነው።

የዘመን ጣጣ

አበበ ቢቂላ በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው መስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ይሆናል፤ የዓመቱ የመጨረሻ ቀን። ሁለቱን አቆጣጠሮች ሁልጊዜ ሰባት ዓመት ይለያቸዋል ብሎ የተማረ ኮምፒውተር ድሉን በ1953 ያስቀምጠዋል፤ የአንድ ቀን ልዩነት አንድ ዓመት ያሳስተዋል። «መስከረም» የሚለው ቃል ራሱ አንዱ ጸሐፊ ለኢትዮጵያው፣ ሌላው ለአውሮፓው ወር ስለሚጠቀምበት አሳሳች ነው። «ቢቂላ»ን የቤተሰብ ስም አድርጎ የሚመዘግብ ፕሮግራምም ብዙ ነው፤ የእኛ አጠራር የአባትን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንደማያስከትል ካልተማረ በቀር።

በካራቆሬና በማጀቴ አካባቢ ብዙ ቤቶችን ያፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች የ1961፣ በአማርኛ የ1953፣ በግዕዝ ቁጥር በተጻፈ ሰነድ ደግሞ የ፲፱፻፶፫ ነው። ያልተጠነቀቀ ፕሮግራም ከአንድ አደጋ ሁለት ወይም ሦስት አደጋ ይሠራል። በተቃራኒው፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ የሰው ሕይወት የጠፋበት፣ ቤት ንብረት የተቃጠለበት፣ ብዙ ነዋሪ የተፈናቀለበት ጥቃት ደርሶባቸዋል። «2013» የሚለውን እንደ አውሮፓ ዓመት ያነበበ ኮምፒውተር ያንን መከራ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ያኔ ሌላ መንግሥታዊ አመራር፣ ሌላ ሁኔታ ነበርና ከዚያ የሚያወጣው ምክንያትና ውጤት ሁሉ ይዛነፋል።

አንዳንድ ሐቅ ደግሞ ዘመኑ ካልተጻፈ ግማሽ ነው። ይፋት በመካከለኛው ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት የገዛው ሱልጣኔት ስም ነበር። ኋላ በሸዋ ውስጥ ይፋትና ጥሙጋ የሚባል አውራጃ ነበረ። ዛሬ ያ አካባቢ በአማራ ክልል ውስጥ በወረዳዎች ተከፍሎ ይገኛል፤ ስሙ በሕዝቡ አፍ ላይ ግን አለ። ሦስቱም እውነት ናቸው፤ እያንዳንዱ በየዘመኑ። ከዕውቀት ቋት ውስጥ ዘመን አልባ ሆነው ሲቀመጡ ግን እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ኮምፒውተሩም በብዛት የተጻፈውን መርጦ ሌሎቹን ይጥላል።

በአማርኛ የተሠሩ ሥራዎች

በአገር ውስጥ ቀደምት ከሆኑት መሠረቶች አንዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል የተዘጋጀው ነው። ከዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል የተወሰዱ 1,065 ዜናዎች፣ ወደ 210,000 ቃላት የሚሆኑ፣ እያንዳንዱ ቃል ስም ይሁን ግስ ይሁን ቅጽል በሰው እጅ ምልክት ተደርጎበታል። ግርማ ደመቀና መስፍን ጌታቸው ስለዚህ ሥራ የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ለዓመታት የአማርኛ ፕሮግራሞች የተፈተኑት በዚህ ስብስብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ሰይድ ሙሔ ይማም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሙሉጌታ ልብሴ አማካሪነት «ተጠየቅ» የተባለ የአማርኛ ጥያቄና መልስ ፕሮግራም ሠራ። ስሙ ጥሩ ስም ነው፤ በቀድሞው የሙግት ሥርዓት ተከራካሪ ባላጋራውን ለጥያቄ የሚያቆምበት ቃል ነውና። ፕሮግራሙ የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ጊዜና ብዛት ለሚጠይቁ ጥያቄዎች መልሱን ከአማርኛ ሰነዶች ውስጥ ፈልጎ ያወጣል። ጥያቄው «ማን» ካለ ሰው፣ «የት» ካለ ቦታ፣ «ስንት» ካለ ቁጥር ይፈልጋል። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከዚያ በኋላ ከአማርኛ ዜና መረጃ ስለማውጣት በርካታ የማስተርስ ጥናቶች ተሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ከተለያዩ መስኮች በተሰበሰቡ ከ25,000 በላይ ሰነዶች፣ ወደ 24 ሚሊዮን በሚጠጉ ቃላት የተሠራ የዘመናዊ አማርኛ ስብስብ ወጣ። በ2021 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ተመራማሪዎች ኅብረት የሆነው ማሳካኔ በዐሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች ስሞች የተለዩበትን የዜና ስብስብ አሳተመ፤ ከዐሥሩ በግዕዝ ፊደል የሚጻፈው አማርኛ ብቻ ነበር። በዚያ ፈተና ከቀረቡት ፕሮግራሞች አንዱ፣ ከመቶ በላይ ቋንቋዎችን እንዲያስተናግድ የተሠራ ዝነኛ ሞዴል፣ በአማርኛ ያገኘው ውጤት ዜሮ ነው። ምክንያቱ ስንፍና አልነበረም፤ ሲሠራ የግዕዝ ፊደላት በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ አልገቡም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን የአማርኛ ቃል «የማይታወቅ» ብሎ አለፈው። «ብዙ ቋንቋ ይችላል» የሚለውን ማስታወቂያ በጥንቃቄ ማንበብ እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ አምኪውኤ የተባለ ስብስብ ወጣ፤ ከ378 የአማርኛ ውክፔዲያ ጽሑፎች የተዘጋጁ 2,628 ጥያቄዎችን ከነመልሶቻቸው ይዟል።

ብዙ ጊዜ የተባለና አንድ ጊዜ የተባለ

ከድር ሐቅ የሚለቅም ፕሮግራም እውነትን ከሐሰት የሚለየው በአብዛኛው በድግግሞሽ ነው። ፓሪስ የፈረንሳይ ዋና ከተማ መሆኗን ሚሊዮን ገጾች ይላሉ፤ ሊዮን ናት የሚል ገጽ ቢኖር በቁጥር ይሸነፋል። ዘዴው በብዛት ለሚጻፍባቸው ነገሮች በሚገርም ሁኔታ ይሠራል።

ስለ ይፋት ቆላ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የማሾ ዘር መቼ እንደሚዘራ፣ የትኛው ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ አንድ ቀበሌ ስሙን ከየት እንዳገኘ የሚያውቁ ሰዎች ሞልተዋል፤ የጻፈው ግን ጥቂት ነው። የተጻፈውም አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ የተባለን ነገር ለማመን ያመነታል። በአንጻሩ አንድ ያልተጣራ የግጭት ዜና ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሃምሳ ጊዜ ሲገለበጥ ሃምሳ ምስክር ያገኘ ይመስላል። አንድ ምንጭ ሃምሳ ጊዜ መቀዳቱንና ሃምሳ ሰዎች ለየብቻ መመስከራቸውን መለየት ለፕሮግራሙ ከባድ ነው፤ ለሰውም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ከዚህ የሚመጣው ውጤት አጣዬን በቀጥታ ይነካል። ከተማዋ በድር ላይ በብዛት የምትነሣው ከ2013ቱ ጥቃት ጋር ነው። እነዚያን ገጾች ብቻ አንብቦ ያደገ ኮምፒውተር «አጣዬ ምንድን ናት?» ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው እሳትና መፈናቀል ነው። የተናገረው ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛና አርጎብኛ ተናጋሪዎች የሚገበያዩበትን፣ ከደጋ የወረደ እህልና ከቆላ የመጣ ከብት የሚገናኝበትን አካባቢ አንድ መጥፎ የፀደይ ወቅት አድርጎ ያስቀራል። መልሱን ያነበበ ተማሪ በራሱ ጽሑፍ ሲደግመው፣ የእሱም ጽሑፍ ለሚቀጥለው ኮምፒውተር ተጨማሪ ምስክር ይሆናል።

ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. የጉግል ፍለጋ «የህንድ አስቀያሚ ቋንቋ የትኛው ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ካናዳ የተባለውን፣ በሚሊዮኖች የሚነገረውንና ረጅም የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ያለውን ቋንቋ በመልስነት አቀረበ። መልሱን ያገኘው ከአንድ ድረ ገጽ ነበር። የካርናታካ ክልል ባለሥልጣናት ተቆጡ፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠየቀ። ጥያቄው ራሱ ሐቅ የማይጠየቅበት መሆኑን ፕሮግራሙ አላወቀም፤ ከጽሑፍ ውስጥ ከጥያቄው ጋር የሚገጥም ዓረፍተ ነገር አገኘ፣ አቀረበ።

የቋንቋ ሞዴሎች

ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ መንገዱ ተቀይሯል። የዛሬዎቹ ትላልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ሐቅን በሦስትዮሽ አያስቀምጡም፤ እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብበው ቀጣዩ ቃል ምን ሊሆን እንደሚችል መገመትን ይማራሉ፤ ሐቁም በዚያ ግምት ውስጥ ተሟሙቶ ይቀመጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገ አንድ ታዋቂ ጥናት እንዲህ ያለ ሞዴል ባዶ ቦታ ሙላ በሚል ጥያቄ ሲፈተን ብዙ ሐቆችን በትክክል እንደሚሞላ አሳየ። ችግሩ የማያውቀውንም በተመሳሳይ ልበ ሙሉነት መሙላቱ ነው፤ የቀድሞው ፕሮግራም ሐቁን ከየትኛው ገጽ እንዳገኘው ማሳየት ሲችል፣ ሞዴሉ ግን ብዙውን ጊዜ አይችልም። አሁን አሁን ሞዴሉ ከመመለሱ በፊት ሰነድ ፈልጎ እንዲያነብና ምንጩን እንዲጠቅስ ማድረግ እየተለመደ ነው፤ በአማርኛ የሚፈለገው ሰነድ ከሌለ ግን ፍለጋው የትም አያደርስም።

ለአማርኛ ወጪውም የተለየ ነው። ኮምፒውተር አንድን የላቲን ፊደል በአንድ ባይት ሲያስቀምጥ አንዱን የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ በሦስት ባይት ያስቀምጣል። «አጣዬ» ሦስት ፊደል ሆና ዘጠኝ ባይት ትወስዳለች፤ በላቲን ብትጻፍ አምስት ይበቃታል። ብዙ ሞዴሎች ቃላትን የሚቆራርጡት በእንግሊዝኛ ልማድ ስለሆነ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ተመሳሳይ መልእክት ካለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በብዙ እጥፍ ቁርጥራጭ ይሆናል። አስመላሽ ተካ ሐድጉ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው «ልሳን» የትርጉም ፕሮግራሙን ከአማርኛና ከትግርኛ መጀመሩ፣ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም «ዋልያ» በሚል ስም የአማርኛ ሞዴል ማዘጋጀታቸው ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘ ነው።

ማረሚያው የት ነው?

ስሕተት የሚታረምበት ቦታ እንደ ዘዴው ይለያያል። በቋንቋ ሞዴል ውስጥ የተሟሟን ሐቅ ነቅሶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 የተጀመረውና ውክፔዲያን የሚያግዘው ውክዳታ የተባለው የዕውቀት ቋት ግን ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው። በውስጡ እያንዳንዱ ነገር ስም ሳይሆን ቁጥር አለው፤ ኢትዮጵያ ለምሳሌ 115ኛዋ ናት። ቁጥሩ አንድ ሆኖ በሥሩ በየቋንቋው የሚጠራበትን ስም፣ ተለዋጭ ስሞችን፣ ሐቁ የጸናበትን ዘመንና ምንጩን ማስገባት ይቻላል። በዚህ አሠራር የይፋቱ ሱልጣኔትና የይፋትና ጥሙጋ አውራጃ የየራሳቸው ቁጥር ይዘው ሳይጋጩ ይቀመጣሉ። የአጣዬዋ ኤፌሶንና የጳውሎስ ኤፌሶንም በአንድ ስም፣ በሁለት ቁጥር ይኖራሉ። ብዙ የፍለጋ ሞተሮችና የቋንቋ ፕሮግራሞች ከዚህ ቋት ስለሚቀዱ፣ በአንድ ሰው የገባ አንድ መስመር ብዙ ቦታ ይደርሳል፤ የተሳሳተውም እንዲሁ። የአማርኛ መጠሪያ ያልተጻፈላቸው የኢትዮጵያ ቦታዎች በቋቱ ውስጥ ብዙ ናቸው፤ እነዚህን ለመሙላት የሚያስፈልገው የግዕዝ ፊደል የሚጽፍ ስልክና ስሙ በትክክል እንዴት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ሰው ነው።